«የማይነጠል» የተባለው እጅ፦ የአካል ስሞች ርባታ በግሪንላንድ ቋንቋ

የአካል ክፍሎች ስሞች በሰዋስው «የማይነጠል» ንብረት ሆነው ከሌሎች ስሞች ይለያሉ የሚለው ሐሳብ፣ ከሉሲየን ሌቪ-ብሩል የ1914 (እ.ኤ.አ.) ጥናት ወዲህ በብዙዎች ዘንድ እንደ ሕግ ተይዟል። ጥናቱ የሜላኔዥያን ቋንቋዎች ይመለከታል፤ እዚያ ላይ ክርክር የለኝም። የምቃወመው ሐሳቡ ሳይጣራ ወደ ካላሊሱት፣ ማለትም ወደ ምዕራብ ግሪንላንድ ቋንቋ፣ መሻገሩን ነው።

ፖል ኤገዴ በ1760 ያሳተመው ሰዋስው የላቲንን ፈለግ ይከተላል። ግሪንላንድ የተወለደው ሳሙኤል ክላይንሽሚት ግን በ1851 በርሊን ባሳተመው መጽሐፍ ቋንቋውን በራሱ ሥርዓት ገለጸው። እሱን በጥሞና ያነበበ ሰው የባለቤትነት ቅጥያው ለእጅም ለቤትም አንድ መሆኑን አይስትም። አሳክ «እጅ»፣ ኢሉ «ቤት» ነው፤ «እጄ» አሳጋ፣ «ቤቴ» ኢሉጋ፤ «እጁ» አሳኣ፣ «ቤቱ» ኢሉኣ። ባለቤቱ በስም ሲጠራም ልዩነት የለም፦ አንጉቲፕ አሳኣ «የሰውየው እጅ»፣ አንጉቲፕ ኢሉኣ «የሰውየው ቤት»። አሳክ ደግሞ ያለ ባለቤት ብቻውን ይቆማል፤ በእርግጥ የማይነጠል ቢሆን ኖሮ ይህ ባልሆነ ነበር።

ኢሲ «ዓይን» ኢሳኣ «ዓይኑ» መሆኑ ልዩ ርባታ ሊመስል ይችላል። ሆኖም ኢኒ «ክፍል» በዚያው መንገድ ኢናኣ «ክፍሉ» ይሆናል፤ ለውጡ የግንዱ መጨረሻ ድምፅ ያመጣው ነው። አሳኒ ታኩኣ ስንል ሰውየው የራሱን እጅ ያያል፣ አሳኣ ታኩኣ ስንል የሌላ ሰው እጅ። ኢሉኒ እና ኢሉኣም እንዲሁ ይለያሉ።

ታሊማት «አምስት» ከታሌቅ «ክንድ» ጋር መዛመዱን የሚጠቅስ ተከራካሪ አይጠፋም። ያ የቃል ምሥረታ ነው፤ ርባታን አይነካም።

የአካል ስም ባለቤቱን አጥብቆ የሚፈልገው፣ በእኔ ግምት፣ ወደ ቦታ ትርጉም ሲሻገር ነው። ኢሉፕ ቱኑኣኒ «ከቤቱ ጀርባ» ማለት ነው፤ ቱኑ «ጀርባ»፣ -ኣ ባለቤት የሆነውን ቤት ጠቋሚ፣ -ኒ የሥፍራ ምልክት (ከአሳኒው -ኒ ጋር መመሳሰሉ አያሳስት)። ቃሉ የአገር ስም ሆኖ ሲጸና ግን ባለቤቱን ይጥላል፦ ምሥራቅ ግሪንላንድ ቱኑ፣ ሕዝቡም ቱኑሚት ይባላል። ለሌሎቹ ዘዬዎች በዚሁ ልክ አልናገርም፤ በካላሊሱት ግን ባለቤት ማስፈለግ አለማስፈለጉን የሚወስነው የስሙ አገልግሎት ነው።