«የኮሶ ሻጭ ልጅ» እንላለን፤ ኮሶ ሻጯስ?

የመይሳው ካሳን ታሪክ የማያውቅ ጎንደሬ የለም። ስለ እናቱ ግን አብዛኞቻችን የምናውቀው አንድ ስድብ ብቻ ነው፦ «የኮሶ ሻጭ ልጅ»።

ካሳ በ1811 ዓ.ም. ገደማ ቋራ ተወለደ። አባቱ ኃይለ ጊዮርጊስ ሲሞቱ እናቱ ወይዘሮ አትጠገብ ተቸግረው ጎንደር ከተማ ኮሶ እየሸጡ አሳደጉት ይባላል። እውነት ሸጠዋል ወይስ የጠላት ወሬ ነው የሚለው ዛሬም ያከራክራል። እኔን የሚያሳስበኝ ግን ሌላ ነው፤ ኮሶ መሸጥ ለምን ስድብ ሆነ?

እስቲ አስቡት። በዚያ ዘመን ጥሬ ሥጋ የሚበላ ሁሉ፣ መኳንንቱም ገበሬውም፣ በየሁለት ወሩ ገደማ ኮሶ ይጠጣል። የደረቀው አበባ ተፈጭቶ፣ በውሃ ወይም በጠላ ተበጥብጦ፣ በባዶ ሆድ ይጨለጣል። መድኃኒቱን ሁሉም ይፈልገዋል፤ ሻጯን ግን ሁሉም ይንቃታል። የዕለት ጉርሷ በዕለቱ ገበያ ነው፤ ቀንቷት ከሸጠች ትበላለች፣ ካልቀናት ጦሟን ታድራለች።

ስድቡ ድህነትን ብቻ አይደለም የሚናገረው። በኛ አገር ሰው የሚጠራው በአባቱ ነው። በእናቱ ሥራ ከተጠራ፣ «ወገን የለውም» ማለት ነው።

በ1839 ዓ.ም. ገደማ የእቴጌ መነን ሰው ደጃዝማች ወንድይራድ ይህንኑ ስድብ እየፎከረ ካሳን ሊይዝ ዘመተ። ተሸነፈ፣ ተማረከም። ካሳም እናቱ ገበያ ስላልቀናት ኮሶው ሳይሸጥ እንደተረፈ ነግሮ፣ ያንኑ ኮሶ አስጠጣው ይባላል።

ይህን ሳስተምር ክፍሉ በሳቅ ይናጋል። ግን ልብ በሉ፤ ካሳ ስድቡን ለተሳዳቢው መለሰለት እንጂ ሥራውን አላከበረውም። ኮሶው መቅጫ ሆነ። በ1847 ዓ.ም. ደረስጌ ማርያም ላይ ቴዎድሮስ ተብሎ ሲነግሥ ልጅየው ከስድቡ ወጣ። ገበያ የቀሩትን ኮሶ ሻጮች ግን በስማቸው የጻፋቸው የለም።

ዛሬ ኮሶ በኪኒን ተተክቷል። ንቀቱ ግን አልተተካም። እዚህ ፀዳ ተማሪ ስመዘግብ «የአባት ሥራ?» እላለሁ። «የቀን ሠራተኛ» ይላል ልጁ። «የእናትስ?» «ሥራ የላትም፣ ቤት ነች።» ትንሽ ጠጋ ብዬ ስጠይቅ ጠላ ትጠምቃለች፣ ጉልት ትቸረችራለች፣ ሰው ቤት ልብስ ታጥባለች፣ ግንባታ ሲገኝ ደሞ አሸዋ ትሸከማለች።

አባትየውም እኮ ቋሚ ሥራ የለውም፤ አንድ ቀን ያገኛል፣ ሦስት ቀን ያጣል። የሱ ግን ስም አለው፣ ፎርም ላይ ይሞላል። በሳምንት አራት ዓይነት ሥራ የምትሠራው እናት በወረቀት ሥራ ፈት ነች። ልጁ ውሸታም ሆኖ አይደለም። የእናቱ ሥራ መሰደቢያ እንዳይሆንበት ፈርቶ ነው፤ ልክ በካሳ ዘመን እንደነበረው።

የድሮ ተማሪዎቼ፣ እስቲ እዚህ ሥር እናታችሁ ምን ሠርታ እንዳሳደገቻችሁ በትክክለኛ ስሙ ጻፉልኝ። ጠላ ሻጭ ከሆነች፣ ጠላ ሻጭ በሉ።