ኤሌክቶራል ኮሌጅ

«ኮሌጅ» መባሉ ትምህርት ቤት አያስመስለው፤ የአሜሪካን ፕሬዝዳንት በሕግ የሚመርጡት 538 ወኪሎች የጋራ መጠሪያ ነው። ዜጋው ከዕጩው ስም ጎን ምልክት ሲያደርግ በተግባር የሚመርጠው የግዛቱን ወኪሎች ነው። እያንዳንዱ ግዛት በኮንግረስ ያሉትን ሴናተሮችና ተወካዮች ያህል ወኪል አለው፤ ዋሽንግተን ዲሲ ደግሞ 3 አላት። ለማሸነፍ 270 ያስፈልጋል። ከሜይንና ከነብራስካ በቀር፣ በግዛቱ አንደኛ የወጣው ዕጩ ሁሉንም ይጠቀልላል።

የዚህ አሠራር መዘዝ እ.ኤ.አ. በ2000 ምርጫ ፍሎሪዳ ላይ ጎልቶ ታየ። ዕጩው ጆርጅ ደብሊው ቡሽ ተፎካካሪያቸውን አል ጎርን በ537 ድምፅ ብቻ በልጠው 25ቱንም ወኪሎች ወሰዱ፤ ፕሬዝዳንትም ሆኑ። በአገር አቀፍ ደረጃ ግን ጎር ከግማሽ ሚሊዮን በሚበልጥ ድምፅ ይመሩ ነበር። በፍሎሪዳ ሦስተኛ የወጡት ዕጩ ራልፍ ኔደር ያገኙት ደግሞ ከ97 ሺህ በላይ ድምፅ ነው፤ ከ537ቱ ልዩነት እጅግ ይበልጣል።

ስለዚህ ዕጩዎችን የሚመዝን አሜሪካዊ «ማን ይሻላል?» ብሎ ብቻ አያበቃም፤ «ግዛቴ ወዴት ያደላል? ድምፄስ ማንን ይጠቅማል?» ብሎም ያሰላል። ምርጫውን ከሩቅ የምትከታተሉም ከጠቅላላው ድምፅ ይልቅ ዓይናችሁን 270 ላይ አድርጉ።