ትንበያ ወይስ የቢሆን ስሌት? የኃይል ሽግግር ቃላት ከአዲስ ዓለም እስከ ጎጆ

የኃይል ምንጭ ሽግግርን በስሌት አጥንቶ ለመንግሥት ፖሊሲ ምክር የሚያቀርበው የጥናት ዘርፍ ወደ አማርኛ ሲመለስ፥ ፎርካስት እና ፕሮጄክሽን የተባሉት የእንግሊዝኛ ቃላት ብዙውን ጊዜ «ትንበያ» በሚል አንድ ቃል ይተረጐማሉ። የመጀመሪያው ይሆናል ተብሎ የሚጠበቀውን ይናገራል፤ ሁለተኛው ግን የተወሰኑ ሁኔታዎች ቢጸኑ የሚከተለውን ውጤት ያሰላል። የሁለቱ መደባለቅ ምን ጉዳት እንደሚያስከትል ከምዕራብ ሸዋ የማገዶ ታሪክ በመነሣት ለማስረዳት እንሞክራለን።

ዳግማዊ ምኒልክ በ1893 ዓ.ም. ገደማ ከአዲስ አበባ በስተ ምዕራብ አዲስ ዓለምን ሲቈረቍሩ ካነሣሧቸው ምክንያቶች ዋናው የማገዶና የቤት መሥሪያ እንጨት እጥረት ነበር። የዙሪያው ደን በማለቁ፥ እንደ ቀድሞዎቹ መናገሻዎች ሁሉ፥ ወደ ሌላ ደን መዛወር ግድ መስሎ ታየ። ይህም በራሱ ስሌት ነበር፤ ፍጆታው በዚሁ ቢቀጥልና አዲስ ዛፍ ባይበቅል ከተማዪቱ ትፈታለች። ነገር ግን አዲስ ዛፍ በቀለ። በ1880ዎቹ የገባው ባሕር ዛፍ ፈጥኖ ተስፋፋ፤ በአዲስ አበባ ቤት የሠሩ መኳንንትና የውጭ አገር መልእክተኞችም መዛወሩን አልወደዱትም። መናገሻዪቱ ባለችበት ጸናች፤ በአዲስ ዓለም የተጀመረው ቤተ መንግሥትም ቤተ ክርስቲያን ሆነ። የተለወጠው ስሌቱ የቆመበት «ባይበቅል» ነው።

በ1976 ዓ.ም. የተባበሩት መንግሥታት የልማት ፕሮግራምና የዓለም ባንክ፥ በ1978 ዓ.ም. ደግሞ ቼሴን የተባለው የኢጣልያ ድርጅት ባቀረቧቸው ጥናቶች፥ አገሪቱ ከምትጠቀምበት ኃይል ከመቶ 90 እጅ በላይ የሚገኘው ከእንጨት፥ ከኩበትና ከአገዳ እንደ ሆነ ታወቀ። በዚያ ዘመን በብዙ አገሮች ይሠራበት የነበረው የስሌት ስልት የማገዶን ፍጆታ ከሕዝብ ቍጥር ጋር እያሳደገ፥ የደኑን ምርት እየቀነሰ፥ በመካከል የሚሰፋውን ጉድለት ያሳይ ነበር። በኋላ የተነሡ ተመራማሪዎች ግን ስልቱ ገበሬው በማሳው ዳር የሚተክለውን ዛፍ እንዳልቈጠረ፥ ሰውም እንጨት ሲወደድበት አጠቃቀሙን እንደሚለውጥ እንዳላሰበ አመለከቱ። ከጊንጪ በስተ ሰሜን በምትገኘው በጎጆና በጀልዱ ወረዳ ይህ በግልጥ ይታያል፤ ገበሬው ባሕር ዛፍን እንደ ሰብል ተክሎ ለማገዶና ለአጠና ይሸጣል። ይህ ማለት ችግሩ ሐሰት ነበር ማለት አይደለም። በደጋው አገር ኩበት ዛሬም ይነዳል፤ መሬቱም ፍጉን ያጣል።

ወደ ቃላቱ እንመለስ። «ትንበያ» ከግእዙ «ተነበየ» የወጣ፥ ከ«ነቢይ» እና ከ«ትንቢት» ጋር አንድ ሥር ያለው ቃል ነው። ስለዚህ አንባቢው ቍጥሩን እንደሚመጣ ነገር ይቀበለዋል፤ ሳይመጣ ሲቀርም አስሊውን ሐሰተኛ ይለዋል። «ሞዴል» ደግሞ በመሥሪያ ቤት የንብረት ገቢ ደረሰኝ ነው፤ ሞዴል 19ን የማያውቅ የግምጃ ቤት ሠራተኛ የለም። በገጠር ግን «ሞዴል ገበሬ» ሌላው ሊከተለው የሚገባ አርአያ ነው። «የኃይል ሽግግር ሞዴል» የሚለውን ርእስ ያነበበ የወረዳ ሹም እንዲፈጽመው የተሰጠ መመሪያ ቢመስለው ምን ይገርማል?

በ2011 ዓ.ም. የወጣው ሁለተኛው ብሔራዊ የኤሌክትሪክ አቅርቦት ፕሮግራም በካርታ ላይ በተመሠረተ የአነስተኛ ወጪ ስሌት፥ በ2017 ዓ.ም. ከሕዝቡ 65 በመቶ የሚሆነው ከዋናው መስመር፥ 35 በመቶው ደግሞ ከመስመር ውጭ ካሉ ምንጮች መብራት እንዲያገኝ አቅዶ ነበር። ዓመቱ አልፏል፤ መብራት ያልገባባቸው ቤቶች ግን ዛሬም ብዙ ናቸው። ቍጥሩ እንደ ትንቢት ከተነበበ ከንቱ ሆኗል። ገንዘቡ ቢገኝና ሽቦው በጊዜው ቢዘረጋ የሚል ስሌት ሆኖ ከተነበበ ግን የትኛው «ቢ» እንደ ጎደለ ለመመርመር አሁንም ይጠቅማል።

ስለ ሆነም «ትንበያ» ለፎርካስት ብቻ ቢወሰን፥ ፕሮጄክሽን «የቢሆን ስሌት»፥ ሞዴል ደግሞ «አምሳለ ሥርዓት» ቢባል ይበጃል እንላለን። የተሻለ ቃል ያለው ባለሙያ ቢያቀርብ በደስታ እንቀበላለን። ቃሉ የትኛውም ይሁን፥ ተርጓሚው ያችን «ቢ» ከሠንጠረዡ ራስጌ እንዳይጥላት አደራ እንላለን።