የእርሳስ የውሃ ቧንቧን መቀየር፦ ግማሽ ሥራ ለምን አይበቃም?

ከመንገድ ሥር ካለው ዋና የውሃ መስመር ተነሥቶ ወደ መኖሪያ ቤት የሚገባው ቀጭን ቧንቧ ከአፈር በታች የተቀበረ በመሆኑ ብዙ ጊዜ የሚያስታውሰው የለም። በአሮጌ የአሜሪካና የአውሮፓ ከተሞች ግን ይህ ቧንቧ በበርካታ ቤቶች ከእርሳስ የተሠራ ነው። የአሜሪካ የአካባቢ ጥበቃ ኤጀንሲ በ2024 በሀገሪቱ እስከ 9 ሚሊዮን የሚደርሱ እንዲህ ያሉ ቧንቧዎች በአገልግሎት ላይ እንዳሉ ገምቶ ነበር።

እርሳስ ለስላሳና በቀላሉ የሚታጠፍ በመሆኑ ከሮማውያን ዘመን ጀምሮ ለውሃ ማስተላለፊያነት ሲያገለግል ቆይቷል። በእንግሊዝኛና በፈረንሳይኛ የቧንቧ ሠራተኛ የሚጠራበት ቃል የተገኘውም ፕሉምቡም ከሚለው የእርሳስ የላቲን ስም ነው። አሜሪካ በ1986 አዲስ የእርሳስ ቧንቧ እንዳይዘረጋ ከልክላለች፤ ሕጉ ግን ቀደም ሲል የተቀበረው ሁሉ እንዲወጣ አላስገደደም።

የማይታይ ጉዳት

በውሃ ውስጥ የሟሟ እርሳስ ቀለም፣ ሽታና ጣዕም የለውም። በልጆች የአእምሮ እድገት፣ በትምህርት አቀባበልና በጠባይ ላይ ጉዳት ያደርሳል፤ በአዋቂዎችም የደም ግፊትንና ኩላሊትን ይጎዳል። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚያስገነዝበው ጉዳት አያስከትልም ተብሎ የሚታወቅ የእርሳስ መጠን የለም። ከሁሉም በላይ ለአደጋው የተጋለጡት በቧንቧ ውሃ የተበጠበጠ የዱቄት ወተት የሚጠጡ ጨቅላ ሕፃናት ናቸው። ውሃን ማፍላት ተህዋስያንን ቢገድልም እርሳስን አያስወግድም፤ እንዲያውም ውሃው በተነነ ቁጥር የቀረው የእርሳስ ክምችት ከፍ ይላል።

የዋሽንግተን ትምህርት

ብዙ ኢትዮጵያውያን የሚኖሩባት ዋሽንግተን ዲሲ የዚህ ችግር ዋና ምሳሌ ናት። ከተማዋ በ2000 መገባደጃ ላይ ውሃን ለማከም የምትጠቀምበትን ክሎሪን በክሎራሚን ተካች። ለውጡ በእርሳስ ቧንቧዎች ውስጠኛ ግድግዳ ላይ ለዓመታት የተጋገረውንና እንደ መከላከያ ሆኖ ሲያገለግል የነበረውን ሽፋን አሟሟው። በመሆኑም በውሃው ውስጥ ያለው የእርሳስ መጠን አሻቀበ፤ ጉዳዩ በሰፊው ለሕዝብ ይፋ የሆነው ግን በ2004 ነበር። በዚያው ዓመት አዲስ ሽፋን የሚፈጥር የፎስፌት ውህድ በውሃው ላይ መጨመር ተጀመረ።

ከዚሁ ጎን ለጎን ከተማዋ በሺዎች የሚቆጠሩ ቧንቧዎችን ለወጠች። ነገር ግን በብዙ ቦታዎች የተለወጠው በመንገዱ በኩል ያለው ክፍል ብቻ ሲሆን፣ በግል ይዞታ ውስጥ ያለው የእርሳስ ቧንቧ እንዳለ ቀረ። ይህ ግማሽ ሥራ የታሰበውን ውጤት አላስገኘም። ቧንቧው ሲቆረጥና ሲነቃነቅ የእርሳስ ቅንጣቶች ተላቀው ወደ ውሃው ይገባሉ። ከዚህም በላይ አዲሱ መዳብና አሮጌው እርሳስ የሚገናኙበት ቦታ እንደ ባትሪ ስለሚሠራ የእርሳሱን መበላት ያፋጥናል። ስለዚህ ባለሙያዎች ዛሬ የሚመክሩት ከዋናው መስመር እስከ ቤቱ ውስጥ ያለው ቧንቧ ሙሉ በሙሉ እንዲለወጥ ነው።

ቧንቧውን ለይቶ ማወቅ

ፍተሻው ቧንቧው ወደ ቤት ከሚገባበት፣ ብዙውን ጊዜ ከቆጣሪው አጠገብ ካለው ቦታ ይጀምራል። ቧንቧው በሳንቲም ወይም በቁልፍ በቀስታ ሲፋቅ የሚያብረቀርቅ የብር ቀለም ካሳየ፣ ለስላሳ ከሆነና ማግኔት ካልያዘው እርሳስ ነው። መዳብ ሲፋቅ ቀይ ቡናማ ይሆናል፤ የብረት ቧንቧ ደግሞ ማግኔት ይይዘዋል።

ሥራው እንዴት ይከናወናል?

አንደኛው መንገድ ቧንቧው ያለበትን መስመር በሙሉ መቆፈር ነው። ሁለተኛው በሁለቱ ጫፎች ጉድጓድ ቆፍሮ አሮጌውን ቧንቧ በኬብል ስቦ በማውጣት አዲሱን በቦታው ማስገባት፣ ወይም በአየር ግፊት በሚሠራ መሣሪያ ከመሬት በታች አዲስ መተላለፊያ መክፈት ነው። አዲሱ ቧንቧ መዳብ ወይም ለመጠጥ ውሃ የተፈቀደ ፕላስቲክ ይሆናል።

አንድ ጉዳይ ግን ችላ ሊባል አይገባም። በአሮጌ ቤቶች የኤሌክትሪክ መሬት ሽቦ ከውሃ ቧንቧው ጋር የታሰረበት ጊዜ አለ። ቧንቧው በፕላስቲክ ሲተካ ይህ መከላከያ ስለሚቋረጥ ሥራው ከመጀመሩ በፊት የኤሌክትሪክ ባለሙያ ሊያየው ይገባል።

ከሥራው በኋላ

ቧንቧው እንደተለወጠ የቧንቧ አፎች ወንፊት ይፈታል፤ ቀዝቃዛ ውሃም ቢያንስ ለግማሽ ሰዓት ያህል ከፍቶ ማፍሰስ ይመከራል። በቤቱ ውስጥ ተቀምጦ የቆየ ቅንጣት ቀስ በቀስ ሊወጣ ስለሚችል፣ የአሜሪካ ደንብ የውሃ አቅራቢዎች እርሳስን እንደሚያስወግድ የተረጋገጠና ለ6 ወራት የሚያገለግል ማጣሪያ ለነዋሪዎች እንዲሰጡ ይጠይቃል። ለመጠጥና ለምግብ ሥራ ምንጊዜም ቀዝቃዛ ውሃ መጠቀም ይገባል፤ ሙቅ ውሃ እርሳስን ይበልጥ ያሟሟልና።

የተከራዮች ጉዳይ

ቧንቧው የአከራዩ፣ ውሃውን የሚጠጣው ግን ተከራዩ በመሆኑ ሥራው ብዙ ጊዜ ይጓተታል። በኒው ጀርሲ የምትገኘው የኒውአርክ ከተማ ሠራተኞቿ የባለቤቱን ፈቃድ ሳይጠብቁ ቧንቧ እንዲለውጡ የሚያስችል ደንብ በ2019 አውጥታ፣ ከ3 ዓመት ባነሰ ጊዜ 23,000 ያህል ቧንቧዎችን ከባለቤቶች ክፍያ ሳትጠይቅ ቀይራለች። በዋሽንግተን ደግሞ አከራይ ቤቱ የእርሳስ ቧንቧ እንዳለው ካወቀ ለተከራዩ የማሳወቅ ግዴታ አለበት። የከተማዋ የ2004 የቋንቋ ተደራሽነት ሕግም የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች ለነዋሪዎች በቋንቋቸው አገልግሎት እንዲሰጡ ያስገድዳል፤ አማርኛም ከእነዚህ ቋንቋዎች አንዱ ነው። በመሆኑም በዚያ የሚኖር ተከራይ የቤቱ ቧንቧ ከምን እንደተሠራና መቼ እንደሚለወጥ በአማርኛ ጠይቆ መልስ ማግኘት ይችላል።