በክሪክ በተነሣ መኪና ሥር

በአዲስ አበባ ከመኪና ሥር ገብቶ የሚሠራ ሰው ለማየት ጋራዥ ድረስ መሄድ አያስፈልግም፡፡ ከሳሪስ እስከ ሾላ፣ ከጎማ ተራ እስከ ጎተራ በየመንገዱ ዳር ከሚኒባስ ሥር የወጡ ሁለት እግሮች ማየት የተለመደ ነው፡፡ ሚኒባሱን ይዞ ያቆመው ብዙውን ጊዜ አንድ ክሪክ ነው፡፡ ቢበዛ አንድ ድንጋይ ወይም ብሎኬት ይታከልበታል፡፡ ባለመኪናው ደግሞ አጠገቡ ቆሞ ሰዓቱን እያየ «ቶሎ በል እንጂ!» ይላል፡፡ ይህ ጽሑፍ በዋናነት የተጻፈው ለዚያ ለቆመው ሰው ነው፡፡

እኔ የሕግ ተማሪ እንጂ የሞተር ተማሪ አልነበርኩም፡፡ ሆኖም መኪና ያለው ሰው ከመካኒክ ጋር መዋሉ አይቀርም፤ ለዓመታት ስጠይቅና ስመለከት የተረዳሁትን፣ ሕጉ ከሚለው ጋር አጣምሬ እንደሚከተለው አቀርባለሁ፡፡

በመጀመሪያ ስለ ክሪክ፡፡ ክሪክ ማንሻ ነው፤ ይዞ ማቆያ አይደለም፡፡ በዘይት የሚሠራው ክሪክ ሁለት ቶን ገደማ የሚመዝነውን ሚኒባስ የሚሸከመው በውስጡ በታፈነ ዘይት ነው፡፡ ያንን ዘይት አፍነው የያዙት ደግሞ አንድ ቀጭን የጎማ ቀለበትና አንዲት ትንሽ ቫልቭ ናቸው፡፡ ቀለበቱ ካረጀ፣ ወይም ቫልቩ ላይ የአሸዋ ቅንጣት ካረፈች ዘይቱ መንገድ ያገኛል፡፡ ያን ጊዜ መኪናው አንዳንዴ ቀስ እያለ፣ አንዳንዴም በአንድ ጊዜ ይወርዳል፡፡ ከመኪናው ጋር የሚመጣው በጥምዝ የሚሠራ ትንሹ ክሪክ ይህ ችግር የለበትም፡፡ የእሱ ችግር እግሩ ጠባብ መሆኑ ነው፤ በጎን ሲገፋ ይገለበጣል፡፡ የተሠራው ጎማ ለመቀየር ብቻ ነው፤ ጎማ የሚቀይር ሰው ደግሞ ከመኪናው ሥር የሚያስገባው አካል የለውም፡፡

በነገራችን ላይ፣ በአሜሪካ አልጋና ማእድ ቤት ያለውን ትልቅ መኪና ይዘው የሚጓዙ ሰዎች አሉ፡፡ አንዳንዱ መኪና በቆመበት ሜዳ ላይ ሚዛኑን የሚያስተካክሉ፣ ቁልፍ ሲጫኑ የሚወርዱ እግሮች አሉት፡፡ እግሮቹ ግዙፉን ቤት ከፍ ሲያደርጉት ያየ ሰው ሥሩ ቢተኛ ምንም የማይሆን ይመስለዋል፡፡ አምራቾቹ ግን እግሮቹ ሚዛን ማስተካከያ እንጂ መደገፊያ እንዳልሆኑ፣ በእነሱ ብቻ ተማምኖ ከሥር መግባት እንደማይገባ ያስጠነቅቃሉ፡፡ ነገሩ ከሳሪሱ ክሪክ ጋር አንድ ነው፤ ያነሣው ሁሉ ይዞ አያቆምም፡፡

ታዲያ ምን ይያዘው? የሚይዘው ሰፊ እግር ያለው፣ የሚሸከመው ክብደት የተጻፈበት የብረት መደገፊያ ነው፡፡ በጥንድ ይቀመጣል፤ የሚያርፈውም በሻንሲው ወይም በአክሰሉ ላይ እንጂ በቆርቆሮው ላይ አይደለም፡፡ መኪናው በክሪክ ይነሣል፣ መደገፊያው ይገባል፣ ከዚያ ክሪኩ ዝቅ ተደርጎ ክብደቱ ሙሉ በሙሉ በመደገፊያው ላይ ያርፋል፡፡ የተፈታውን ጎማ ወይም ስኮርታውን በሻንሲው ሥር አጋድሞ ማስቀመጥም ደግ ነው፤ ሁሉም ነገር ቢከዳ በመሬቱና በብረቱ መካከል የአንድ ሰው ደረት ያህል ክፍተት ያተርፋል፡፡ ከዚያም ከመግባት በፊት መኪናውን በጎን በኩል ገፋ ገፋ አድርጎ ማየት ነው፡፡ የሚወድቅ ከሆነ ማንም ሳይገባ ይውደቅ፡፡ ከሥር ያለ ሰው የጠበቀ ቡሎን ለመፍታት ባለ በሌለ ኃይሉ መፍቻውን ሲስብ መኪናውንም እየሳበ እንደሆነ ብዙዎች አያስተውሉም፡፡

ብሎኬትን በተመለከተ ምንም ማለሳለስ አያስፈልግም፡፡ ብሎኬት ለግድግዳ የተሠራ ነው፤ ክብደቱ እኩል ተዳርሶ ከላይ ሲጫነው ይችላል፡፡ የመኪና ብረት ግን የሚያርፍበት በአንዲት ጠባብ ቦታ ላይ ነው፡፡ ወፍራም እንጨት ከመሰበሩ በፊት አብዛኛውን ጊዜ ይጮሃል፣ ይጎብጣል፤ ብሎኬት ግን ምንም ምልክት ሳይሰጥ በቅጽበት ይፈረካከሳል፡፡ ባዶ ሆዱን በጎን ካጋደሙት ደግሞ ከዚያም ይብሳል፡፡

ከሁሉ በላይ የተሳሳተ እምነት ያለው ግን በእጅ ፍሬን ላይ ነው፡፡ በብዙ መኪኖች የእጅ ፍሬን የሚይዘው የኋላ ጎማዎችን ብቻ ነው፡፡ የኋላው ሲነሣ መሬት ላይ የቀሩት የፊት ጎማዎች ምንም የሚይዛቸው የለም፤ መኪናው በክሪኩ ላይ እንደ ጋሪ ሊሄድ ይችላል፡፡ እንደ አይሱዙ ኤንፒአር ባሉ ብዙ የጭነት መኪኖች ደግሞ የእጅ ፍሬኑ የሚይዘው ጎማውን ሳይሆን ከካምቢዮ የሚወጣውን ዘንግ ነው፡፡ እዚህ ላይ አንባቢ ልብ ይበል፡፡ ከኋላ አንዱ ጎማ ብቻ ሲነሣ ዲፈረንሻሉ የተነሣውን ጎማ ወደ አንድ አቅጣጫ፣ መሬት ያለውን ወደ ሌላው እንዲዞር ይፈቅዳል፡፡ ዘንጉ ሳይንቀሳቀስ መኪናው ይንከባለላል ማለት ነው፡፡ ፍሬኑም ተስቧል፣ ማርሹም ገብቷል፣ መኪናው ግን ይሄዳል! «ፍሬን ይዤ ነበር» የሚለው ሾፌር ስለዚህ አልዋሸም፤ ፍሬኑ የያዘው ሌላ ነገር ነው፡፡ መፍትሔው ወያላዎቻችን አሳምረው የሚያውቁት ታኮ ነው፡፡ መሬት ላይ በቀሩት ጎማዎች ከፊትም ከኋላም ይደረጋል፤ ከአንድ ወገን ብቻ የተደረገ ታኮ ግማሽ ሥራ ነው፡፡

ከተማችን ዳገትና ቁልቁለት የበዛባት ስለሆነች ሜዳ ቦታ መፈለግ ራሱ የሥራው አካል ነው፡፡ ፀሐይ ያለሰለሰው አስፋልትና ዝናብ ያራሰው አፈር የክሪኩን እግር ይውጡታልና ከሥሩ ሰፊ ጣውላ ይደረግ፡፡ የመኪናው ቁልፍ ሥር በገባው ሰው ኪስ ይሁን፡፡ ብቻውን የሚሠራ ሰው አይኑር፡፡

ስለ ገልባጭ መኪና ለብቻው ልናገር፡፡ ሕዝቡ «ቀይ ሽብር» የሚል ስም ያወጣለት ሲኖትራክ የጭነት ሣጥኑን የሚያነሣው ከክሪክ ባልተለየ መንገድ፣ በዘይት ግፊት ነው፡፡ አንድ የዘይት ቱቦ ቢፈነዳ፣ ወይም አንድ ሰው ጋቢና ውስጥ ሳያስበው መቆጣጠሪያውን ቢነካ ሣጥኑ ይወርዳል፡፡ ሣጥኑ በሻንሲው ላይ ሲያርፍ በመካከል ለሰው የሚተርፍ ክፍተት የለም፡፡ ስለዚህ ሣጥኑ ባዶ ተደርጎና በተዘጋጀለት ብረት ተደግፎ ካልሆነ ማንም ራሱን እንኳ ወደ ውስጥ ማስገባት የለበትም፡፡

አሁን ወደ ሕጉ እንለፍ፡፡ የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 በአንቀጽ 92 አሠሪው የሠራተኛውን ደህንነት ለመጠበቅ አስፈላጊውን እርምጃ እንዲወስድ ያስገድደዋል፡፡ መደገፊያ የሌለው ጋራዥ ይህን ግዴታ ተወጥቻለሁ ሊል አይችልም፡፡ በሥራ ላይ ለደረሰ ጉዳትም አሠሪው ጥፋት ባይኖርበት እንኳ ኃላፊ የሚሆንበት መርህ በአዋጁ አለ፡፡ ይኸው አዋጅ ዕድሜው ከ15 ዓመት በታች የሆነን ልጅ መቅጠርን ይከለክላል፤ ከ18 ዓመት በታች ያለውንም አደገኛ ሥራ ላይ ማሰማራት አይፈቅድም፡፡ በየመንገዱ ዳር ግን ዋናው መካኒክ ውጭ ቆሞ መፍቻ ሲያቀብል፣ ሰውነቱ ትንሽ ስለሆነ ብቻ ከሥር የሚገባው ልጁ ረዳት ነው፡፡ ይህ በእኔ እምነት ከጉዳዩ ሁሉ የከፋው ነው፤ ባለመኪናውም እያየ ዝም ይላል፡፡

ባለመኪናው «እኔን አይመለከተኝም» ሊል ይችላል፡፡ ይመለከተዋል፡፡ በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 2081 ባለመኪናው መኪናው ላደረሰው ጉዳት ኃላፊ እንደሆነ ይደነግጋል፡፡ መኪናው ከክሪክ ወርዶ ተንከባልሎ መንገደኛ ቢመታ ጥያቄው መጀመሪያ የሚመጣው ወደ ባለቤቱ ነው፤ «ጥፋት የለብኝም» ማለቱም ብቻውን አያድነውም፡፡ የቤት ሾፌር ያላችሁ ደግሞ አንድ ነገር እወቁ፤ ለትርፍ ባልሆነ የግል አገልግሎት የተቀጠረ ሰው በአዋጅ 1156 አይሸፈንም፡፡ ይህ ማለት ግን ያለ ሕግ ቀርቷል ማለት አይደለም፤ የፍትሐ ብሔር ሕጉ አለ፡፡ ሰው ከሞተ ደግሞ የ1996 ዓ.ም. የወንጀል ሕግ አንቀጽ 543 በቸልተኝነት ሰው መግደልን ያስቀጣል፤ በሙያው የሰውን ሕይወት የመጠበቅ ግዴታ ባለበት ሰው ላይ ቅጣቱ ይከብዳል፡፡

ስለዚህ ባለመኪናው ሥራው ከመጀመሩ በፊት «መደገፊያ አላችሁ?» ብሎ ይጠይቅ፡፡ ከሌለ ሶማሌ ተራ ወርዶ ጥንድ መግዛት ይቻላል፤ በኋላ ሣጥን ይዞ መዞር ነው፡፡ ትንሽ ከባድ ነው እንጂ ጠባዩ መልካም ነው፡፡

አደጋው ከደረሰስ? የሚታየው የመጀመሪያ ስሕተት ሰውየውን በእግሩ ይዞ መጎተት ነው፡፡ መጀመሪያ መኪናው እንዳይንከባለል ታኮ ይደረግ፤ ወዲያው በሌላ ክሪክ ይነሣ፤ እንደተነሣም ባገኙት ጠንካራ ነገር ይደገፍ፡፡ ደረቱ የተጫነ ሰው መተንፈስ ስለማይችል ያለው ጊዜ በደቂቃ የሚቆጠር ነው፤ አምቡላንስ እስኪመጣ ተብሎ አይጠበቅም፡፡ እያነሡ ሌላው ሰው ወደ ቀይ መስቀል 907 ወይም በአዲስ አበባ ወደ እሳትና ድንገተኛ አደጋ 939 ይደውል፡፡ የተያዘው እግር ወይም እጅ ከሆነና ለረጅም ጊዜ ተጨፍልቆ ከቆየ ግን፣ ሲለቀቅ ከተጎዳው ሥጋ ወደ ደም የሚገባው ነገር ልብንና ኩላሊትን ሊጎዳ ይችላል፡፡ ስለዚህ መኪናው ስንት ሰዓት ላይ እንደወደቀ ተይዞ ለሐኪሙ ይነገር፡፡