ያልተጠየቁት መምህራን

በቅርቡ አንዲት የአዳማ እናት "የልጆቼ ትምህርት ቤት በየጊዜው አዲስ ነገር ይዞ ይመጣል፤ ለመሆኑ ማንን ጠይቀው ነው?" ብለውን ነበር። ጥያቄያቸው የቆየ ነው። በ1966 አገር አናውጧል።

ነገሩ የጀመረው በ1964 ነው። የንጉሠ ነገሥቱ መንግሥት ትምህርትን ለማሻሻል ባለሙያዎችንና የውጭ አማካሪዎችን ሰብስቦ "ሴክተር ሪቪው" የተባለውን ጥናት አስጠና። አሳቡ ጥቂቶችን ዩኒቨርሲቲ ከማድረስ ይልቅ ለሁሉም ሕፃን የአራት ዓመት መሠረታዊ ትምህርት ይዳረስ፣ የከፍተኛው ትምህርት ዕድገት ይገታ የሚል ነበር። እውነቱን እንናገር ካልን አሳቡ ክፉ አልነበረም። በዚያን ዘመን በአርሲና በባሌ ገጠር የትምህርት ቤት ደጅ ሳይረግጥ ያደገው ልጅ ስንት ነው! ብዙውም የእኛው የሙስሊሙ ልጅ ነበር።

ወሬው ሾልኮ ሲወጣ ግን ወላጅ የሰማው ሌላ ነው። "የድሃ ልጅ አራተኛ ክፍል ላይ ሊቆም፣ የባለሥልጣን ልጅ ሊቀጥል ነው" ተባለ። በሬውን ሸጦ ልጁን ለሚያስተምር አባት ይህ ቀልድ አይደለም። ትምህርት ቤት ከድህነት መውጫ በሩ ነበር፤ በሩ በልጁ ፊት ሲዘጋ ታየው። መምህሩም ስለ ደመወዙና ስለ እድገቱ ሰጋ። ከሁሉ ይልቅ ግን ነገሩን ከሰው አፍ መስማቱ አንገበገበው። ዕቅዱን ክፍል ገብቶ ሥራ ላይ የሚያውለው እሱ ነው፤ ሹራው ላይ ግን አልተጠራም።

የካቲት 11 ቀን 1966 መምህራን ሥራ አቆሙ። በዚያው ቀን የአዲስ አበባ ታክሲ ነጂዎችም በቤንዚን ዋጋ ጭማሪ ምክንያት አድማ መቱ። ሳምንት ሳይሞላ መንግሥት ዕቅዱን ለሌላ ጊዜ አስተላለፈው፤ ንጉሡም ከዚያ በኋላ ሰባት ወር አልቆዩም። ሰዎች ይህን ታሪክ የሚያነሱት ስለ አብዮቱ ሲያወሩ ነው። እኛን የሚያሳዝነን አራቱን ዓመት እንኳ ሳያገኝ የቀረው የገጠር ልጅ ነው።

በ1997 ደግሞ ፕላዝማ መጣ። በየከተማው ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት፣ ደቡብ አፍሪካ የተዘጋጀ ትምህርት በእንግሊዝኛ በሳተላይት ይተላለፍ ጀመር። የፊዚክስ መምህር ለሌለው ትምህርት ቤት ትልቅ ነገር ነበር፤ አንክድም። ነገር ግን ተማሪው አልገባኝም ብሎ እጁን ቢያወጣ ፕላዝማው አይቆምለትም ነበር። መብራት ከሄደም ያ ትምህርት አለፈ ማለት ነበር። መምህሩ ጥቂት ደቂቃ አስተዋውቆ ዳር ይቆም ነበር፤ ዕድሜውን ሙሉ ያስተማረ ሰው በገዛ ክፍሉ እንግዳ ሆነ።

ሌላውን ብቻ እንዳንወቅስ የራሳችንንም እናውራ። በአንድ ወቅት ኮሚቴ ሆነን መድረሳ አሻሽለን ነበር። ልጆቹን በየደረጃቸው ለየን፣ ዴስክ አስገባን፣ ጥቁር ሰሌዳ ሰቀልን። ለሽማግሌው ኡስታዝ ግን አንዳችንም አልነገርናቸውም። ከዐስር ሶላት በኋላ ሲመጡ ሎሆቹን ጥግ ላይ ተቆልለው አገኟቸው። ቃል ሳይናገሩ ወደ ቤታቸው ተመለሱ።

በሳምንቱ አውፍ እንዲሉን ቤታቸው ሄድን። ቡና አስፈሉልን፣ ልጆቹን በየስማቸው እየጠሩ ደኅንነታቸውን ጠየቁን። ከዚያ "እኔ በጠመኔ ጽፌ አላውቅም፤ ማናችሁ ናችሁ የምታሳዩኝ?" አሉን።