ከራስ መኰንን አዳራሽ እስከ ሸዋ ሮቢት፦ የተማሪ ጭፈራና የፖሊስ ዱላ

የኮሌጅ ተማሪ ይጠጣል፣ ይቅማል፣ ይጨፍራል የሚለው ሮሮ በየጊዜው ይታደሳል። የሚቀርበው መፍትሔም አንድ ዓይነት ነው፦ ፖሊስ ይግባበት! ይህን ከማለታችን በፊት ግን ፖሊስ በገባባቸው ጊዜያት ምን እንደ ሆነ ታሪካችንን ብንጠይቅ መልካም ነው።

መጋቢት 21 ቀን 1960 ዓ.ም. በስድስት ኪሎው ራስ መኰንን አዳራሽ የፋሽን ትርኢት ተዘጋጀ። ተቃዋሚ ተማሪዎች አጭሩን ቀሚስ እንደ ባዕድ ባህል ወረራ ስለቈጠሩት በታዳሚው ላይ እንቁላል ወረወሩ። ልብ በሉ፤ በዚያ ቀን የሥነ ምግባር ዘበኛ ሆነው የተሰለፉት ተራማጆቹ ነበሩ። የመንግሥት ፖሊስ ደረሰ፤ ድብደባና እስር ተከተለ፤ ዩኒቨርሲቲው ተዘጋ፤ የተማሪዎች ማኅበራት ታገዱ። በቀሚስ ርዝመት የተጀመረው ጠብ በመደራጀት መብት ላይ አረፈ። ሁለት ዓመት ሳይሞላ፣ ታኅሣሥ 19 ቀን 1962 ዓ.ም.፣ የማኅበሩ ፕሬዚዳንት ጥላሁን ግዛው ተገደለ፤ በማግስቱም ክብር ዘበኛ ግቢውን ጥሶ ገባ።

ደርግ ደግሞ ሰዓት እላፊን አመጣ። ጭፈራው ቀረን? አልቀረም፤ በር ዘግቶ እስኪነጋ የሚዘልቅ ሆነ እንጂ።

በሚያዝያ 1993 ዓ.ም. የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ካነሷቸው ጥያቄዎች አንዱ የታጠቀ ፖሊስ ከግቢ ይውጣ የሚል ነበር። በተከተለው ግጭት 40 የሚደርሱ ሰዎች ሞቱ፤ በርካታ ተማሪዎችም ሰንዳፋ ታጐሩ። ከ1997ቱ ምርጫ ቀውስ በኋላ፣ በ1998 ዓ.ም.፣ በጅምላ የታፈሱ ወጣቶች ወደ ደዴሳ፣ ወደ ዝዋይና ወደ ሸዋ ሮቢት ተጋዙ። ለብዙ የአዲስ አበባ ሰው የሸዋ ሮቢት ስም ከዚያ ወዲህ የእስር ቤት ስም ሆኖ ቀረ።

ሸዋ ሮቢት ግን እስር ቤት ብቻ አይደለችም። ከጣርማ በር ቁልቁል ወርደን የምናገኛት የቆላ ይፋት ከተማ ናት። በይፋትና በወሎ ሙስሊሞች ዘንድ የወዳጃ ሥርዓት አለ። ጫቱ የሚቃመው ሽማግሌ በተገኘበት፣ በዱዓ ተከፍቶ፣ በምርቃት ታጅቦ ነው። ይህን ደንብ የሚያስከብር ባለ ጠመንጃ የለም፤ የሚያስከብረው መከባበርና ይሉኝታ ነው። ወዳጃ የጫትን ጉዳት አያስቀርም፤ ደንብ ግን ያለ ዱላም ሊጸና እንደሚችል ያስተምራል።

ሕግ አያስፈልግም እያልኩ አይደለም። አዋጅ ቁጥር 1112/2011 ከ21 ዓመት በታች ለሆነ ሰው አልኮል መሸጥን ይከለክላል። ከአንደኛና ከሁለተኛ ዓመት ተማሪዎች ብዙዎቹ ከዚህ ዕድሜ በታች ናቸው። ክልከላው የተጣለው በሻጩ ላይ መሆኑን ግን አንርሳ። ሻጩ በሰላም እያደረ ተማሪው በአፈሳ መኪና ከተጫነ ሕጉ ተገለበጠ ማለት ነው።

ስለዚህ ፖሊስ ሻጩን ይቈጣጠር፤ ጠጥቶ የሚያሽከረክረውን፣ እኅቶቻችንን የሚደፍረውን ይያዝ። የግቢውን የጨዋታና የጭፈራ ደንብ ግን በነጻ የተመረጠ የተማሪዎች ኅብረት፣ ሴቶቹም ድምፅ ኖሯቸው፣ ከመምህራን ጋር ይምከርበት። በ1960 ዓ.ም. ቀሚሱን ለለበሱት ልጆች ሌሎች ወሰኑላቸው። ተማሪን አምኖ ደንቡን እንዲያወጣ መፍቀድ ያልቻለ መንግሥት፣ ነገ ዜጋው አገሩን እንዲያስተዳድር እንዴት ይፈቅዳል?